ስሜን ተራሮችን በእግራችሁ እዩት

ጎንደር ተወልዶ፣ ጎንደር አድጎ፣ ፋሲል ግቢን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያስጎበኝ የኖረ፣ ስሜን ተራሮችን ግን አንድ ቀን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። ከጓደኞቼ ብቻ ስም ልጥራ ብል ማለቂያ የለውም። ዋልያን የሚያውቁት በብሔራዊ ቡድኑ ስም ነው። ጭላዳን ያዩት በቲክቶክ ነው። ከጎንደር ፒያሳ እስከ ፓርኩ መግቢያ ደባርቅ ግን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዞ የወጣ ሰው ለምሳ እዚያ ይደርሳል። ይሄ ነገር ሁሌ ይቆጨኛል። የሌላ አገር ሰው ገንዘቡን አጠራቅሞ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣለትን ተራራ እኛ በሩ ላይ ተቀምጠን ሳናየው ዕድሜያችን ሊያልቅ ነው።

የሄዱትም ቢሆኑ ብዙዎቹ በመኪና ነው ያዩት። በጠዋት ይወጣሉ፣ ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር ካምፕ ላይ ወርደው ፎቶ ይነሳሉ፣ ጨነቅ ካምፕ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ራታቸውን ጎንደር ይበላሉ። ከነጭራሹ ካለመሄድ ይሻላል። ግን ስሜን የእግር አገር ነው። ከመኪናው መንገድ ጥቂት መቶ ሜትር ወጣ ብሎ ገደሉን ተከትሎ የሚሄደው የእግር መንገድ ሌላ ዓለም ነው፤ ያንን ያልሄደ ሰው ስሜንን አየሁ ሲለኝ ልቤ አይቀበለውም።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከጎንደር ስትወጡ ወለቃን ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ኮሶዬ አለ። ኮሶዬ ላይ ሾፌሩን ለምናችሁ አስቁሙት፤ ቆላው ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ነው። ቀጥሎ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ከዚያ ደባርቅ። ወገራን ስታቋርጡ ግራ ቀኙ የገብስና የስንዴ ማሳ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደባርቅ ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ከሚኒባሱ እንደወረዳችሁ ብርዱ ራሱ ይነግራችኋል። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያው ደባርቅ ነው። መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ስካውት የሚባል መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ይመደብላችኋል። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና ጭነት የሚይዝ በቅሎም እዚያው ይገኛል።

የእግር መንገዱን ቡይት ራስ ላይ ብትጀምሩት ጥሩ ነው። ከዚያ እስከ ሳንቃበር ካምፕ ገደሉን በግራ እያደረጋችሁ ነው የምትሄዱት። ይህ ገደል ቀልድ አይደለም። ቦታ ቦታ ላይ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው፤ እየተደራረበ ረጋ፣ ከዚያ ዝናብና ወንዝ ለዘመናት ሲቦረቡረው ኖረና አሁን የምናየው ሆነ። ጫፉ ላይ ቆማችሁ ቆላውን ስታዩ ከታች አምባ በአምባ ላይ ቆሞ፣ ከሥራቸው የሰው ቤትና እርሻ በጣም አንሶ ይታያል። የመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ዝም ነው የሚለው። እኔም አሁን ድረስ ዝም ነው የምል።

መንገዱ ዳር አስታ የሚባለው ዛፍ ይበዛል። አስታው አርጅቶ ግንዱ ተጣሟል፣ ቅርንጫፉ ላይ ግራጫ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። መሀል መሀሉ ላይ ቢጫ አበባ ያለው አሜጃና ቀጋ አለ። መሬቱን ስትረግጡት ደግሞ ሽታ ይመጣል፤ ጦስኝ ነው። ጎንደር ገበያ ደርቆ የምንገዛው ጦስኝ እዚያ ጫማችሁ ሥር ነው ያለው። ስካውቶቹ ሻይ ሲያፈሉ ቆንጠር አድርገው ይጨምሩበታል፣ በዚያ ብርድ ላይ እሱን ሻይ የጠጣ ሰው ሌላ ሻይ አያምረውም።

አሁን ወደ ጭላዳ ልምጣ፤ ስለ እነሱ ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት ማለት ይቻላል።

ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው። ነብርና ጅብ የማይደርስበት ጠባብ ቦታ መርጠው፣ ተጠጋግተው ይተኛሉ። ጠዋት ፀሐይዋ ስትሞቅ ከገደሉ ሥር እየወጡ ወደ ሜዳው ይመጣሉ። ከማየታችሁ በፊት ትሰሟቸዋላችሁ። ዝም አይሉም። እየበሉም፣ እየተላቀሙም፣ እየተጣሉም እርስ በርስ ያወራሉ። አንዳንዴ ብዙ መቶ ሆነው አንድ ሜዳ ላይ ይሰፍራሉ፤ ከሩቅ ስታዩት መሬቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

ሳንቃበር አካባቢ አብረውኝ የሄዱት ስካውት ዕድሜያቸውን ፓርኩ ውስጥ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ቆሜ ስልኬን ሳስተካክል አዩኝና «ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይሸሻሉ እንዴ?» ስላቸው «ሲቆሙላቸው ያዩሃል፣ ስትቀመጥ ይረሱሃል» አሉ። ተቀመጥኩ። እውነትም ትንሽ ቆይቶ መንጋው በሁለት በኩል እየበላ አለፈኝ፣ እኔ መሀል ቀረሁ። አንዲት እናት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሣሩን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ እየቆነጠረች አንድ በአንድ ትነጫለች፣ በሁለቱም እጇ፣ በፍጥነት። እፍኟ ሲሞላ ትጎርሰዋለች። ፊት ለፊቷ ያለው ሣር ሲያልቅ አትነሳም፤ እንደተቀመጠች በመቀመጫዋ ትንፏቀቅና የሚቀጥለውን ትጀምራለች። ግልገሏ ጥቁር ነበር፣ ፊቱ ብቻ ቀላ ያለ፣ ደረቷ ላይ ተለጥፎ ወደ እኔ ያያል። እኔ ሰው ሥራውን እንዲህ ተረጋግቶ ሲሠራ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ሣር በልቶ የሚኖር ዝንጀሮ በዓለም ላይ ጭላዳ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ አብዛኛው ምግቡ ሣር ነው። በጋ ሲገባና ሣሩ ሲደርቅ ሥር እየቆፈረ ይበላል። የሚኖረውም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። የወንዱ ጎፈር ትከሻው ላይ ይወርዳል፣ ደረቱ ላይ ደግሞ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለ። ቀይነቱ ያለ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሴቶች ያሉት ጎበዝ ወንድ ደረቱ ደመቅ ይላል። ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ሽቅብ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል። የውሻ ክራንቻው ረጅም ነው፣ ከነብር ጋር የሚተካከል ጥርስ ነው፤ ግን ሰው ካልተነኮሳቸው የሚነኩት ነገር የለም።

ሳንቃበር አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ተመራማሪዎች የተወሰኑ መንጋዎችን በየቀኑ ይከታተላሉ። እያንዳንዱን ጭላዳ በመልኩ ነው የሚለዩት። እ.ኤ.አ. በ2012 ካወጡት ግኝት አንዱ እኔን በጣም ነው ያስገረመኝ። አዲስ ወንድ መጥቶ የድሮውን አባወራ አሸንፎ ሲያባርር፣ ነፍሰ ጡር የነበሩት ሴቶች አብዛኞቹ ያስወርዳቸዋል። አዲሱ ወንድ የሌላውን ልጆች የመግደል ልማድ ስላለው፣ ሰውነታቸው የማይተርፍ ልጅ ተሸክሞ መቆየቱን ይተወዋል ማለት ነው። ይህን በዱር ላይ በሚኖር እንስሳ እንዲህ አድርጎ ያሳየው እዚሁ ከጎንደር በላይ የተሠራው ሥራ ነው። የእኛ ተማሪዎች ይህን ክፍል ውስጥ ቢማሩት እንዴት ደስ ባለኝ።

ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስትሄዱ ጅንባር ወንዝን ትሻገራላችሁ። ፏፏቴው ከመንገድ ወጣ ብሎ ካለ ጫፍ ላይ ፊት ለፊት ይታያል። ውሃው ብዙ መቶ ሜትር ቁልቁል ነው የሚወረወረው። ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ካያችሁት ሙሉ ነው፤ የካቲት ላይ ከሄዳችሁ ግን ይቀጥናል። ከወንዙ በኋላ ያለው አቀበት ትንፋሽ ይጨርሳል። አትሩጡ። የበቅሎ ነጂዎቹ ልጆች እየዘፈኑ ሲያልፏችሁ አትፎካከሩ፣ እነሱ እዚያው ተወልደው ነው።

ግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር ላይ ነው። ዙሪያው ጓሳ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ ሆኖ፣ መሀሉ ላይ ጅብራ የሚባለው ተክል ቆሟል። ጅብራ ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ያድጋል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ አብቦ ይሞታል። ሲያብብ አገዳው ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ ይሄዳል። ማታ ውርጭ ሲወርድ ቅጠሎቹን እንደ ጨበጠ እጅ ወደ ውስጥ ሰብስቦ እምቡጡን ከብርድ ይከልላል፣ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይከፍታቸዋል። ካምፑ ላይ ካደራችሁ ማታም ጠዋትም ሄዳችሁ አንዱን ጅብራ እዩት።

ግጭ ላይ መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ነዋሪዎቹ ተነስተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ሜዳው ከብትና እርሻ ስለቀነሰለት ለዱር እንስሳቱ ጥሩ ሆኗል፤ ዩኔስኮም የሚጠይቀው አንዱ ነገር እሱ ነበር። ግን እዚያ የኖረው ገበሬ ገብሱን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን ትቶ ከተማ ዳር አዲስ ኑሮ መጀመር ነበረበት። ፓርኩን የምንወድ ሰዎች ዋጋውን ማን እንደከፈለ ማወቅ አለብን። ለዚህ ነው ስትሄዱ በቅሎውን ከአካባቢው ሰው ተከራዩ፣ ዳቦውንና እንቁላሉን ከደባርቅ ግዙ የምለው። ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ ጎብኚ ሲጠፋ መጀመሪያ የተጎዱት አስጎብኚዎቹ፣ ባለበቅሎዎቹና ምግብ አብሳዮቹ ናቸው። ተራራው የሚያበላው ሰው ተራራውን ይጠብቃል።

ከግጭ እሜት ጎጎ ደርሶ መሄድ አለ። 3,926 ሜትር ነው፣ በሦስት በኩል ገደል የሆነ ጫፍ። ስለ እሱ ብዙ አልልም፣ ሂዱና እዩት፤ ነፋሱ ስለሚገፋ ብቻ ጫፉ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አትነሱ። ከዚያ በኢናትዬ በኩል አድርጋችሁ ወደ ጨነቅ ትወርዳላችሁ። ኢናትዬ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ራስ ምታት ሊጀምራችሁ የሚችለው እዚህ ነው። ውሃ በደንብ ጠጡ። ራስ ምታቱ ጠንከር ብሎ ማስመለስ ከመጣ ደግሞ ጉብዝና የሚባል ነገር የለም፣ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ ነው መድኃኒቱ።

ጨነቅ የዋልያ ሰፈር ነው። ዋልያ በመላው ዓለም የሚኖረው በስሜን ብቻ ነው። ሌላ አገር የለም፣ ሌላ ተራራም የለም። እንግዲህ ቡድናችንን በስሙ የጠራንለት፣ ቢራ የሰየምንለት እንስሳ አገሩ ይህ ገደል ብቻ ነው። አመሻሹ ላይ ካምፑ አጠገብ ካለው ገደል ጫፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። አውራው በጢሙና በቀንዱ ይለያል፤ ቀንዱ ወደ ኋላ ቀልሶ ከአንድ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ጀርባው ቡናማ፣ ሆዱ ነጭ ነው።

አንዱን አውራ በደንብ አየሁት። አንድ አስታ ገደሉ ላይ በቅሏል፣ ለጋው ቅጠል ደግሞ ላይ ነው ያለው። ዋልያው የፊት እግሮቹን አንስቶ በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከሥሩ የጫማ ስፋት የማይሞላ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች አየር ነው። አንገቱን ዘርግቶ ቅጠሉን ቀነጠበ፣ አኘከ፣ ደገመ። አጠገቤ የነበረች የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ፣ አንተዋወቅም ነበር። ጨርሶ ሲወርድ ሁላችንም አንድ ላይ ነው የተነፈስነው።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ዋልያ ከ150 ብዙም እንደማይበልጥ ይገመት ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ከተቋቋመ በኋላ ጥበቃው እየጠነከረ ሲሄድ ቁጥሩ ብዙ መቶ ደረሰ። በቅርብ ዓመታት ግን ጦርነቱ ጥበቃውን ሲያላላው እንደገና አሽቆልቁሏል። አንድ ቦታ ብቻ ያለ እንስሳ አንዴ ካለቀ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ የዋልያ ሥጋ ቀረበልኝ ብሎ የሚያወራ ሰው ካያችሁ አትሳቁለት።

ቀይ ቀበሮውን የማየት ዕድል የሚሻለው ወደ ቧሂት አቅጣጫ ነው። ቧሂት 4,430 ሜትር ነው፣ ከጨነቅ በጠዋት ተነስቶ መውጣት ይቻላል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 በታች ናቸው የቀሩት፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አብዛኞቹም ባሌ ተራሮች ላይ። ስሜን ላይ ጥቂት ናቸው። አይጥ አዳኝ ነው፤ በግ ይጨርሳል ተብሎ እንደሚወራበት አይደለም። የሚጨርሰው ከመንደር ውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታና ሌላ ወረርሽኝ ነው። ውሻ ይዞ ፓርክ መግባት የማይገባውም ለዚህ ነው። ቀና ስትሉ ደግሞ አጥንት ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ እየጣለ የሚሰብረውን ትልቅ አሞራ ታያላችሁ። ምሳችሁን ግን ከቁራው ጠብቁ፣ መንቆሩ ወፍራም የሆነው የደጋው ቁራ ሰው አይፈራም።

ከቧሂት ማዶ ጃናሞራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደጃች ውቤን ድል አድርገው እ.ኤ.አ. በ1855 ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያም ያለችው እዚያ ወገን ነው። ሜሸሃ ወንዝን ተሻግሮ ራስ ደጀን ድረስ መዝለቅ ለሚፈልግ ተጨማሪ ቀናት ይጠይቃል። ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ በኢትዮጵያ የሚበልጠው የለም። እውነቱን ልናገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከራስ ደጀን ይልቅ ግጭና ጨነቅ ላይ ረጋ ብሎ መቆየት ይሻላል ብዬ ነው የማምን። ከፍታ ለመቁጠር የሄደ ሰው እንስሳቱን ሳያይ ያልፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ጎንደሬ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መመዝገብ ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ስሜን ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነበር። ፋሲል ግቢ የገባው በዓመቱ ነው። ከዚያ ስሜን እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ እርሻው፣ ልቅ ግጦሹ፣ በመሀሉ ያለፈው መንገድ፣ የዋልያው ማነስ ነበር ምክንያቱ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ልፋት በኋላ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ላይ፣ እሳት ተነሳ። ጓሳውና አስታው ነደደ። የአካባቢው ሰው ወጥቶ በቅጠልና በአፈር ታገለው፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ። ያን ሰሞን ጎንደር ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። በበጋ እዚያ ላይ ሲጋራ የሚጥል ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉ፣ በእናታችሁ።

ልትሄዱ ከሆነ ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። መስከረምና ጥቅምት አረንጓዴና አበባ ነው፤ ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፣ ውሃ ይጋግራል። ጋቢ ብቻ አይበቃም፣ ወፍራም ጃኬትና ኮፍያ ያዙ። ቀን ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ከንፈር ይሰነጠቃል። በሶና ቆሎ ከማንኛውም ብስኩት ይሻላል። ለጭላዳ ምግብ አትስጡ፣ ከለመዱ ወደ ማሳና ወደ ድንኳን ይመጣሉ፣ ከገበሬው ጋርም ይጣላሉ። ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም ደባርቅ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፣ መኪናም ተከራይተናል የምትሉ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። ቡይት ራስ ላይ ውረዱ፣ ሾፌሩን ሳንቃበር ሄዶ እንዲጠብቃችሁ ንገሩት፣ መሀሉን ከስካውቱ ጋር በእግራችሁ ሂዱት። ጭላዳዎቹን ስታገኙ ቁጭ በሉ። ጨነቅ ባትደርሱም ግድ የለም፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆያችኋል።